የምታውቋቸውን ሰዎች በትልቅ የከተማ ሥዕል ውስጥ መሣል፦ ከአቡጀዲው እስከ መጨረሻው ፊት

"ከተማውን ጨርሼ ሰዎቹን ሳስገባ ተበላሸብኝ።" ይህን አቤቱታ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አላውቅም። አንዱ ደብረ ብርሃን ውስጥ ያለውን የጠባሴን መንገድ ሁለት ወር ሙሉ ሲሠራ ከረመ። ቆርቆሮው፣ የመብራት እንጨቱ፣ ባሕር ዛፉ ሁሉ አለ፤ እጁም ጥሩ ነው። የሰፈሩን ሰዎች ማስገባት ሲጀምር ግን ግማሹ ከባጃጁ አነሰ፣ ግማሹ የሱቁን በር አልፎ ጣሪያ ነካ። ፊታቸውን አሳምሮ ነበር የሣለው። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ ከተማውን አስቀድሞ ሰውን በተረፈው ቦታ ጠቀጠቀ።

እዚህ ተቃራኒውን እንሠራለን። መጀመሪያ ሰው ይቀመጣል፣ ከተማው በዙሪያው ይሞላል። ምሳሌዬ 3 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ መንገድ ላይ 40 የሚታወቁ ሰዎች ያሉበት ሥዕል ነው። የእናንተ ከዚህ ቢያንስ ስሌቱ አይለወጥም።

ደረጃ 1፦ በሩን ለኩ

ሸራ ከመግዛታችሁ በፊት የክፍላችሁን በር፣ የኮሪደሩን መታጠፊያና ሥዕሉን የሚጭነውን መኪና ለኩ። 3 ሜትር ሸራ ቤት ውስጥ ወጥሮ መውጫ ያጣ ሰው አውቃለሁ፤ በመጨረሻ ከፍሬሙ ነቅሎ ጠቀለለው፣ የጠቀለለውም ቀለሙን ወደ ውስጥ አድርጎ ስለነበር ተሰነጣጠቀ።

ስለዚህ ሥዕሉን በሦስት ክፋይ ሥሩት፤ እያንዳንዱ 1 ሜትር በ1.5 ሜትር። ከኋላ በቡሎን ይጋጠማል፣ ሲጫን ይፈታል። አንድ ሕግ ብቻ አለው፦ መጋጠሚያው በማንም ፊት ላይ አይለፍ። በግድግዳ ጠርዝ፣ በመብራት እንጨት ወይም በባዶ መንገድ ላይ ይለፍ።

ደረጃ 2፦ ፍሬምና አቡጀዲ

የተዘጋጀ ሸራ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ትችላላችሁ፤ ለዚህ መጠን ግን ኪስ ይጎዳል። ደህና አቡጀዲ ይበቃል።

1. ለፍሬሙ የደረቀ ሞራሌ ግዙ። በቅርብ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፤ ግን ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ሸራውንም አብሮ ያጣምመዋል።
2. አራቱን ማዕዘን ከገጠማችሁ በኋላ ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ለኩ። ሁለቱም ሰያፎች እኩል፣ 1.80 ሜትር ገደማ መሆን አለባቸው። ካልተስተካከሉ ሦስቱ ክፋዮች ሲጋጠሙ ቀዳዳ ይተዋሉ።
3. መሐል ላይ አንድ ማገር ጨምሩ። ሸራው የሚያርፍበትን የእንጨቱን ውስጠኛ ጠርዝ በመላጊያ ዝቅ አድርጉት፤ አለዚያ የእንጨቱ መስመር በሥዕሉ ላይ ይወጣል።
4. አቡጀዲውን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፋችሁ አድርቁት፣ ተኩሱት። ሳይታጠብ የተወጠረ አቡጀዲ ሙጫ ሲነካው ይሸማቀቃል፣ ፍሬሙንም ይጎትታል።
5. ለእጥፋት በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር አስተርፉ። ከየጎኑ መሐል ጀምራችሁ ወደ ጥግ እየሄዳችሁ ምቱ። ከጥግ ከጀመራችሁ ይሸበሸባል።
6. ነጭ የእንጨት ኮላ 1 እጅ፣ ውሃ 2 እጅ ቀላቅላችሁ ቀቡ። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ላላ አድርጋችሁ ፈትጉት።
7. ከዚያ ፕራይመር (ቀለሙ የሚያርፍበት ነጭ መነሻ ቅብ) ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፤ አንዱን አግድም፣ ቀጣዩን ሽቅብ ቁልቁል። የሠዓሊ ፕራይመር ካጣችሁ የማያብለጨልጭ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ተጠቀሙ። ኳርትዝ የሚባለውን የግድግዳ ቀለም ግን አይደለም፤ አሸዋማ ነው፣ ፊት አያስሠራም።

*ስለ ጀሶ።* መጽሐፍ ላይ "ጄሶ ቀቡ" የሚል አንብባችሁ ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሄዳችሁ የኮርኒስ ጀሶ እንዳትገዙ። መጽሐፉ የሚለው የሠዓሊ ፕራይመሩን ነው፤ ስሙ ተመሳሰለ እንጂ ሌላ ነገር ነው። ጨርቅ ላይ ተቀብቶ ሸራው ሲነቀነቅ እንደ ደረቀ ጭቃ ይረግፋል።

*ስለ ቁሩ።* ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ አለ። አክሪሊክም (በውሃ የሚቀጥነው የሠዓሊ ቀለም) ሆነ ፕላስቲክ ቀለም ከ10 ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜ በደንብ አይያያዝም። አንድ ታኅሣሥ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ሦስቱንም ክፋይ ቀብቼ ተኛሁ። ጠዋት በጣቴ ስዳብሰው እንደ ዱቄት እጄ ላይ ቀረ፤ ሁሉንም ፍቄ እንደገና ጀመርኩ። በቀዝቃዛው ወር ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ቀቡ። የቀለም ጣሳውን ሲሚንቶ ወለል ላይ አታሳድሩት፤ ጣውላ ላይ አድርጋችሁ በጨርቅ ሸፍኑት።

ክፍሉን ለማሞቅ ብላችሁ በዝግ ቤት ውስጥ የከሰል ማንደጃ አታስገቡ። የከሰል ጭስ ሳይታወቅ ይገድላል፤ ተርፔንታይን ባለበት ክፍል ደግሞ እሳትም ያስነሣል።

ሸዋ ሮቢት የምትሠሩ ችግራችሁ የተገላቢጦሽ ነው። አክሪሊኩ ከብሩሹ ሸራው ሳይደርስ ይደርቃል። ሰፋ ያለ ትሪ ላይ የረጠበ ስፖንጅ፣ በላዩ ወረቀት አድርጋችሁ ቀለሙን እዚያ ላይ አስቀምጡ።

ደረጃ 3፦ የአድማስ መስመር፣ የሥዕሉ ሁሉ ሕግ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

*ዓይናችሁ የት ነው?* መንገዱን ከመሬት ላይ ቆማችሁ ካያችሁት የፊተኞቹ የኋለኞቹን ይሸፍኗቸዋል፤ አሥር ሰው እንኳ አይታይም። ከአራተኛ ፎቅ ካያችሁት ደግሞ ሁሉም ይታያል፣ ፊት ግን የለም፤ የባርኔጣና የሻሽ ሥዕል ይሆናል። እኔ የምመርጠው ዓይን ከመሬት 3.40 ሜትር ላይ ሲሆን ነው፤ 1.80 ሜትር ከፍታ ያለው መሰላል ወይም በረንዳ ላይ መቆም ማለት ነው። ይህ ቁጥር ዝም ብሎ አልመጣም። የአንድን ሰው ቁመት 1.70 ብንይዝ 3.40 ሁለት እጥፉ ነው፤ ስሌቱ ይቀልላል።

*ሕጉ።* የአድማሱ መስመር ማለት በሸራው ላይ የዓይናችሁ ከፍታ ነው። ስለዚህ መሬቱ ሜዳ ከሆነ፣ የማንኛውም ቆሞ ያለ ሰው ቁመት በሸራው ላይ ከእግሩ እስከ አድማሱ መስመር ያለው ርቀት ግማሽ ነው። አለቀ።

በምሳሌያችን አድማሱን ከሸራው ግርጌ 110 ሳንቲ ሜትር ላይ አስምሩት። እንግዲህ፦

- እግሩ ግርጌው ላይ ያረፈ ሰው 55 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ጭንቅላቱ 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ።
- እግሩ ከግርጌው 60 ላይ ያረፈ 25 ሳንቲ ሜትር፤ ጭንቅላቱ ከ3 ብዙም አይበልጥ።
- እግሩ 90 ላይ ያረፈ 10 ሳንቲ ሜትር፤ ጭንቅላቱ የባቄላ ፍሬ ታህል።
- እግሩ ከሸራው ውጭ፣ ከግርጌው 40 ወደ ታች የወረደ ሰው 75 ሳንቲ ሜትር ነው። ከወገቡ በላይ ያለው 35 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይታያል፤ ጭንቅላቱ ግን 10 ሳንቲ ሜትር ይሞላል።

እነዚህ የመጨረሻዎቹ፣ በግርጌው የተቆረጡት፣ ሰው ሥዕሉ ፊት ቆሞ "እሱ ነው!" የሚልላቸው ናቸው። ስምንት ያህል ይበቃሉ። መሐል ላይ ሃያ፣ ኋላ አሥራ ሁለት። ጭንቅላቱ ከ2 ሳንቲ ሜትር ያነሰን ሰው በፊቱ ለማስታወቅ አትድከሙ፤ እዚያ የሚያስታውቀው አቋሙና ልብሱ ነው።

ለሌሎቹም መለኪያ ያዙ። በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው የቆመው ሁለት ሦስተኛ ነው። ፈረስ ላይ ያለ አንድ ተኩል ገደማ። ባጃጅ ከሰው ቁመት ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ቁመታችሁ ሲጠፋባችሁ አጠገቡ ባጃጅ አቁሙ፣ ስሕተቱ ወዲያው ይታያል።

*ሕጉ የማይሠራበት።* አንኮበር ወይም ደብረ ሲና ዳገትና ቁልቁለት ላይ ይህን ስሌት እርሱት፤ መሬቱ ሜዳ አይደለም። እዚያ ሰውን አጠገቡ ባለው በር ለኩት። 2 ሜትር በር አጠገብ የቆመ ሰው ጭንቅላቱ ከበሩ ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። በየበሩ ይህን አድርጉ።

ደረጃ 4፦ ፈቃድና ፎቶ

*መጀመሪያ ጠይቁ።* በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቁጥር 28 ላይ ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ በእነሱ ግን አትመኩ። ነገ ከዚያው ሰው ሱቅ ስኳር ልትገዙ ነው። በአንድ ገጽ ጻፉ፦ ሥዕሉ ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚታይ፣ ይሸጥ እንደሆነ፣ ፖስትካርድ ይታተም እንደሆነ። ማንበብ ለማይችሉ አንብቡላቸውና ያስፈርሙ ወይም አሻራ ያስነኩ። ለልጅ ወላጁ ይፈርም። እምቢ ያለን አትለማመጡ፤ በሃይማኖቱ ምክንያት ምስሉ እንዲሣል የማይፈልግም አለ። ከኋላ ሣልኩት ብላችሁ በጋቢው እንዲታወቅ አታድርጉ፤ ያም መሣል ነው።

*ሰዓቱ።* ሁሉንም ሰው በአንድ ሰዓት ብርሃን አንሡ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ የዓይን ጉድጓድ ሁሉ ጥቁር ይሆናል፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ፊት የለውም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ ጥሩ ነው። ወደ ሰሜን እያያችሁ ከሆነ ብርሃኑ ከቀኝ ይመጣል። ደብተራችሁ ላይ "ፀሐይ ከቀኝ" ብላችሁ ቀስት ሣሉ። አንዱን ጠዋት ሌላውን ከሰዓት ካነሣችሁ ሥዕሉ ላይ ሁለት ፀሐይ ይወጣል፤ ተመልካች ምክንያቱን ባያውቅም የሆነ ነገር ይቆረቁረዋል።

*ርቀቱ።* በስልክ ስታነሡ አትጠጉ። 2.5 ሜትር ራቁና አቅርቡት። ከግማሽ ሜትር የተነሣ ፊት አፍንጫው ይገዝፋል፣ ጆሮው ይጠፋል፤ ከዚያ "አይመስልም" ይባላል፣ ጥፋቱም የእናንተ እጅ ይመስላል። ለፊት ረድፍ ሰዎች በርጩማ ላይ ወጥታችሁ ከፍ ብላችሁ አንሡ፤ ሥዕሉ ከላይ ነው የሚያያቸው።

*መድረቅ።* ሰው ፎቶ ሲባል ይደርቃል፣ እጁን ጎኑ ላይ ይለጥፋል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ለወጉ አንሡ፣ "ጨርሻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ" በሉ፣ ከዚያ ወሬ ጀምሩና አንሡ። ጋቢውን እንደ ልማዱ የሚያጣፋው፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን የሚሰቅለው ያኔ ነው። ጥርስ የሚያሳይ ሳቅ ግን አትምረጡ፤ 4 ሳንቲ ሜትር ፊት ላይ ጥርስ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል።

*በጎን መሣል።* ይህን በራሴ ላይ ደርሶ ነው የተማርኩት። አንዲት የበርበሬ ነጋዴ እናት ከጎን ያምሩ ስለነበር በአንድ ዓይን ሣልኳቸው። ሊያዩ መጡ። ዝም ብለው ቆዩና፣

"አንተ ልጅ፣ ምን አደረግሁህ? ከይሁዳ ጋር ልታቆመኝ ነው?" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ክፉ በአንድ ዓይን ይሣላል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲስሙ ያደጉ ሰው ይህን ሳይነገራቸው ያነብቡታል። ያን ፊት ፍቄ ወደ ተመልካቹ ዞር አደረግኋቸው። ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን በሦስት አራተኛ ነው የምሥለው፤ ሁለቱም ዓይን ይታያል፣ አፍንጫውም ቅርጹን አያጣም። ሙሉ ጎን ለወጣቶችና ለኋላ ረድፍ ይሁን።

የጦር ካምፕና የፖሊስ ግቢ በፎቶ ጀርባ እንዳይገባ ተጠንቀቁ።

ደረጃ 5፦ የወረቀት ሰዎች

ሸራው ላይ ገና አትሣሉ።

1. እያንዳንዱን ሰው በወረቀት ላይ፣ በሚኖረው ትክክለኛ ቁመት ሣሉትና በመቀስ ቁረጡት። ከኋላው ስሙንና ቁመቱን ጻፉ።
2. ሸራው ላይ አድማሱንና የመንገዱን ሁለት ጠርዝ ብቻ በከሰል አስምሩ።
3. ሰዎቹን በወረቀት ፕላስተር ለጥፉ። ከትልቁ ወደ ትንሹ ሂዱ።
4. አንሡ፣ ጣሉ፣ አዟዙሩ። ቢያንስ ሦስት ቀን ተዉት።

በእነዚህ ቀናት የምታዩት ይህን ነው። ራሶች በአንድ መስመር ተሰልፈዋል? አንዱን አስቀምጡ፣ አንዱን አጎንብሱ፤ ሊስትሮውና ደንበኛው ለዚህ ይጠቅማሉ። ሁሉም ወደ እናንተ ያያሉ? የቀበሌ መታወቂያ ፎቶ ይመስላል፤ ግማሾቹ እርስ በርስ ይያዩ። ነጠላና ጋቢ የለበሱት አንድ ቦታ ተከማችተዋል? ሥዕሉ ላይ ነጭ ቀዳዳ ይከፍታሉ፤ በትኗቸው።

ሌላም አለ፤ በሠዓሊ ትምህርት ቤት የማይነገር። ሰው ማን ከማን ፊት እንደቆመ ይቆጥራል። የፊቱን ረድፍ ለልጆችና ለተቀማጮች ስጡት፤ በልጅ የሚቀና የለም። በድንበር የተካሰሱ ሁለት ሰዎችን ትከሻ ለትከሻ አታቁሙ፤ ሳታውቁ ካደረጋችሁትም ወረቀት ነው፣ ይነሣል። ኋላ ላይ አራት አምስት ቦታ ባዶ ተዉ። ወሬው ሲሰማ "እኔንስ?" የሚል አይጠፋም።

ደረጃ 6፦ ማስተላለፍና የከተማው መደብ

የወረቀቶቹን ዙሪያ ሸራው ላይ በእርሳስ ገልብጡና አንሷቸው። ወረቀቱም ሸራውም ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ካሬዎች አስምራችሁ ውስጡን ካሬ በካሬ ከወረቀቱ ወደ ሸራው አስተላልፉ። ፕሮጀክተር ያለው ይጠቀም፤ ግን ጠርዙ ላይ ምስል ስለሚለጠጥ ቁመቱን በማስመሪያ ያረጋግጥ።

ከተማውን በአክሪሊክ፣ ስስ አድርጋችሁ ጣሉ። ከሰማይ ጀምሩ፣ ከሩቅ ወደ ቅርብ ኑ። የሰዎቹን ቦታ አልፋችሁ ግቡበት እንጂ በዙሪያቸው እየተጠነቀቃችሁ አትቅቡ፤ አለዚያ ሰዎቹ በመቀስ ተቆርጠው የተለጠፉ ይመስላሉ። የእርሳሱ መስመር በስሱ ቀለም ሥር ይታያል።

አዲስ ቆርቆሮ ግራጫ አይደለም፤ ሰማዩን ነው የሚመስለው። ጠዋት ላይ ከሰማዩ ሊበልጥ ምንም አይቀረው። የዛገው ደግሞ ከፊት ቆዳ ቀለም ጋር ይቀራረባል፤ ስለዚህ ጠይም ፊት ከዛገ ቆርቆሮ ፊት አታስቀምጡ፣ ይጠፋል። ከራስ ጀርባ ያለውን ከተማ ሁሉ አደብዝዙት። ጽሑፍ ያለበት የሱቅ ታፔላ ፊት አጠገብ ካለ ዓይን መጀመሪያ ጽሑፉን ነው የሚያነበው፤ ታፔላውን ወደ ጎን ግፉት ወይም ፊደሉን አጥፉት።

ደረጃ 7፦ ፊቶቹ

እዚህ ወደ ዘይት ቀለም እንሻገራለን። ዘይት በአክሪሊክ ላይ ይሄዳል፤ አክሪሊክ በዘይት ላይ ፈጽሞ አይሄድም፣ ይላጣል። የመጀመሪያው ንብር በተርፔንታይን የቀጠነ፣ ቀጣዮቹ የተልባ ዘይት እየጨመሩ ይሂዱ። የተልባ ዘይቱ ለሠዓሊ የተጣራው ይሁን። የወጥ ቤት ፓልም ዘይት የቀላቀለ ተማሪ ነበረኝ፤ ሥዕሉ ዛሬም ይጣበቃል።

*መሠረታዊ ቅልቅል።* ሦስት ማሰሮ አዘጋጁ፤ ስማቸውን እኛው እንደምንጠራው፦

- *ጠይም፦* በርንት ሲዬና (ቀይ ቡናማ) 2 እጅ፣ ቢጫ ኦከር (የአፈር ቢጫ) 1 እጅ፣ አልትራማሪን ሰማያዊ ሩብ እጅ።
- *ቀይ ዳማ፦* ኦከር 2 እጅ፣ በርንት ሲዬና 1 እጅ፣ ነጭ ግማሽ እጅ፣ ቀይ ጠብታ።
- *ጥቁር፦* በርንት አምበር (ጥቁር ቡናማ) 2 እጅ፣ አልትራማሪን 1 እጅ፣ በርንት ሲዬና ግማሽ እጅ።

ይህ መነሻ ነው፤ የቀለም ፋብሪካው ሲለያይ ቅልቅሉም ይለያያል። ጥላን በጥቁር ቀለም አታጥቁሩ፤ ከሰል የተቀባ ይመስላል። በአልትራማሪንና በአምበር አጥቁሩ። ብርሃንን ደግሞ በነጭ ብቻ አታንጡ። ነጭ የተጨመረበት ጠይም ፊት አመዳም ይሆናል፤ ቅባት ያጣ ቆዳ። ለብርሃኑ ኦከር ዋና ይሁን፣ ነጩ ትንሽ፤ ግንባሩ ላይ ሰማይ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ትንሽ ሰማያዊ ንኩ። ደጋ ላይ የዋለ ሰው ጉንጩና የአፍንጫው ጫፍ ቀላ ይላል፤ ያን አትርሱ፣ ቁሩን የሚናገረው እሱ ነው።

*ቅደም ተከተል።* አንዱን ፊት ጨርሳችሁ ወደ ቀጣዩ አትሂዱ።

1. በቀጭን አምበር የስምንቱንም የፊት ረድፍ ሰዎች የጥላ ጎን በአንድ ቀን ሙሉ። ዓይን የለም፣ አፍ የለም፤ ጥላ ብቻ። ሦስት ሜትር ራቁ። ሁሉም ጥላ በአንድ ጎን ነው? መመሳሰል እዚህ መጀመር አለበት፤ ካልጀመረ ዓይን በመጨመር አይመጣም።
2. በማግስቱ የብርሃኑን ጎን በአንድ ቀለም ሙሉ።
3. ሁለቱ የሚገናኙበትን አለስልሱ፤ ግን አፍንጫ ጎንና አገጭ ሥር ጠርዙን ተዉት።
4. ዓይን። ጭንቅላቱ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ቆብ፣ ብሌን፣ አንድ ነጥብ ብርሃን። 4 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሁለት ጭረት ይበቃል። ቅንድብና ሽፋሽፍት እየለየ የሚሠራ ሰው ከሩቅ ሲያየው ኩል የተኳለ ጭንብል ያገኛል።
5. ፀጉር፣ ሻሽ፣ ቆብ በመጨረሻ፤ የግንባሩን ልክ ያስተካክላሉና።

መሐለኛው ረድፍ በሁለት ደረጃ ያልቃል። የኋለኛው በአንድ።

*ልብስ።* ጥላ ውስጥ ያለ ነጠላ ነጭ አይደለም፣ ሰማያዊ ግራጫ ነው። ንጹሕ ነጭን በሥዕሉ ላይ ለአንድ ሰው ብቻ አስቀሩት። ጥለቱን በመጨረሻ በአንድ ትንፋሽ ሳቡት።

ደረጃ 8፦ ሲበላሽ

*"አይመስልም።"* ፎቶውንም ሥዕሉንም ገልብጣችሁ እግሩን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስተያዩ። ፊት መሆኑ ሲረሳ ቅርጹ ይታያል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ዓይኑ ላይ አይገኝም፤ በዓይኖቹና በአፉ መካከል ያለው ርቀት ይረዝማል፣ ወይም ጆሮ ወደ ፊት ይመጣል። አሁንም ካልሆነ ጨርቅ በተርፔንታይን ነክራችሁ ጥረጉትና ከጥላው ጀምሩ። ስድስት ጊዜ የተጠጋገነ ፊት ከሚኖር ባዶ ቦታ ይሻላል።

*"ሰዎቹ ተንሳፈፉ።"* ከእግራቸው ሥር ጥላ የለም ማለት ነው። በፀሐይዋ ተቃራኒ መሬቱ ላይ ጥላ ጣሉ፤ ጫማው መሬት የሚነካበት ቦታ በጣም ይጥቆር።

*"አንዱ ግዙፍ ሆነ።"* ከእግሩ እስከ አድማሱ እንደገና ለኩ። ሰውየውን ማሳነስ ካልፈለጋችሁ እግሩን ወደ ታች አውርዱ።

*"ዘይቱ አልደርቅ አለ።"* በክረምት ሳምንት ይፈጃል። አትንኩት፣ አቧራ እንዳይይዘው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሩት። በታችኛው ንብር አምበር ያለበት ቶሎ ይደርቃል፤ ለቀጣዩ አስቡበት።

*"ተሥሎ ሳያልቅ ሰውየው ዐረፈ።"* ደርሶብኛል። ቤተሰቡን ከአርባው በኋላ ጠይቁ። የሚፈልጉት ብዙ ጊዜ እንዲቆይ ነው፤ ልብሱን እንዲቀየርላቸው የሚጠይቁም አሉ። ይቀየርላቸው።

በተልባ ዘይት የረጠበ ጨርቅ ተጨማዶ ሲቀመጥ በራሱ ጊዜ ሊቀጣጠል ይችላል። ውሃ ያለበት ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ክተቱ፣ ወይም ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

ደረጃ 9፦ ማውጣት

ቫርኒሽ ቢያንስ ስድስት ወር ይቆይ። ሥዕሉ ከዚያ በፊት አዲስ አበባ መሄድ ካለበት ሳይቀባ ይሂድ፤ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሦስቱን ክፋይ ፊት ለፊት አታነባብሩ፤ በየጥጉ የእንጨት ቁራጭ አስገብታችሁ አራርቋቸው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሉ፣ በሽቅብ አቁሙ። የመኪና ጣሪያ ላይ አትጫኑ። ወደ ደብረ ሲና የምትወርዱ ከሆነ ጣርማ በር ላይ ያለው ነፋስ ሸራ እንደ ሸራ መርከብ ይነፋዋል።

ከመጫናችሁ በፊት አንድ ሥራ ይቀራል። የሥዕሉን ፎቶ በወረቀት አትሙ፣ የእያንዳንዱን ሰው ዙሪያ በእስክሪብቶ አስምሩ፣ ከ1 እስከ 40 ቁጥር ስጡ፣ ከታች ስማቸውን ከነሥራቸው ጻፉ። አንዱን ቅጂ ከሸራው ጀርባ ለጥፉ፣ ሌላውን ሥዕሉ ከሚሰቀልበት አጠገብ ስቀሉ። ስሙን ራሱ ሰውየው እንደሚጽፈው ጻፉ፤ ሊያይ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያነበው ፊደሉን ነው።